የኋላ በሮች

ሰው ሰውን የሚመዝንበት ነገር ብዙ ነው። አንዱ ጫማ ያያል፣ አንዱ የማን ልጅ ነህ ይላል፣ አንዱ ደግሞ ምንም ሳይጠይቅ ፊቱን ያጠቁራል። ሰው በበር ብዛት ሲናናቅ ያየሁት ግን ስዊዘርላንድ ነው። የመኪና በር ነው የምላችሁ። ባለ ሁለት በሩ ባለ አራት በሩን ሰላም አይለውም። ሲበዛ ይሻላል እየተባልን ላደግን ሰዎች ይሄ ቶሎ አይገባንም።

አገር ቤት ደርግ በነበረበት ዘመን እኔ ዙሪክ አጠገብ፣ ዲቲኮን፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ ባትላሜራ ነበርኩ። የተጣመመ ቆርቆሮ ማቅናት የተማርኩት አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ነው፤ አስተማሪዬም መዶሻው ራሱ ነው። የዲቲኮኑ ጋራዥ ባለቤት ኡርስ ይባላል። ሆት ሮድ የሚሉት በሽታ ነበረበት። ለማታውቁት፣ ሆት ሮድ ማለት አሮጌ የአሜሪካ መኪና ገዝቶ፣ ከባድ ከባዱን ገፍፎ፣ ትልቅ ሞተር ጭኖ፣ አሳምሮ ቀብቶ፣ እሁድ ሐይቅ ዳር ከብጤዎች ጋር ደርድሮ መተያየት ነው። ማኅበር አላቸው። ልክ እንደኛ ጽዋ ማኅበር፣ ጭቅጭቃቸው ሁሉ ማን ይግባ፣ ማን አይግባ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ኡርስ ታሪኩን ያወራልኛል። ነገሩን የጀመሩት የአሜሪካ ጎረምሶች የሚያከብሩት ጣሪያ የሌላትን ብቻ ነበር፤ ቀላል ናት፣ ትፈጥናለች። ጣሪያ ያላትን ባለ ሁለት በር «የሽማግሌ መኪና» ብለው ሳቁባት። ቆይቶ ጣሪያ የሌላቸው አለቁ፤ የቀሩትም ተወደዱ። ያን ጊዜ ባለ ጣሪያዋ በድንገት ቆንጆ ሆነች። ቀጥሎ ያቺ ድንች የምታመላልሰው ፒክአፕ ቆንጆ ሆነች። እኔ መቁጠር የምወድ ሰው ነኝና ደምሬ ቀንሼ አንድ ነገር ላይ ደረስኩ። ቁንጅና የሚታየው ቀዳሚዋ ስታልቅ ነው። የባለ አራት በሯ ተራ ግን ገና አልደረሰም ነበር።

የእኔ ደግሞ አራት በር ናት። አንድ ገበሬ ጎተራ ውስጥ ዶሮ ሰፍሮባት ነው ያገኘኋት። ሁለት ክረምት ሙሉ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ለፋሁባት። ኮፈኗን አቀናሁ፣ ፓራፋንጎዋን ከአዲስ ቆርቆሮ ቀጥቅጬ አወጣሁ፣ ጥቁር ሰማያዊ ቀባኋት። ማኅበሩ ውስጥ መግባት ፈልጌ ነበር። ለምን ብትሉኝ፣ ያን ሁሉ ዓመት ኖሬ እሁድ ቀን «ና» የሚለኝ አንድ የአገሩ ሰው አልነበረኝም። ይኸው ነው።

ኡርስ ዞሮ ዞሮ አያትና፣ «ሥራህ ከሁላችንም ይበልጣል» አለኝ። «ግን የኋላ በሮቿን በይዳቸው። እጀታውን አውጣ፣ ክፍተቱን ድፈን፤ ሁለት በር ትመስላለች። ያኔ እሁድ ማንም አይናገርህም።»

የሚበየደውን መስመርም በጠመኔ አሰመረልኝ። እሺ አልኩ። ሰው ለመግባት ብሎ ስንት በር ይዘጋል መሰላችሁ። ብቻ ቅዳሜ ጄኔቫ ሠርግ ስለነበረብኝ ብየዳውን ለሰኞ አሳደርኩት፤ ጠመኔውንም ጠረግኩ።

ሠርጉ የሰብለ ነው። እናቷ ወይዘሮ ዘነበች በንጉሡ ጊዜ ከባላቸው ጋር ለሥራ መጥተው በዚያው የቀሩ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው የሚሄዱ የጄኔቫ ሰው ናቸው። ሙሽራው ታደሰ በሱዳን በኩል በእግሩ የወጣ፣ ዙሪክ አጠገብ፣ ክሎተን አውሮፕላን ማረፊያ፣ አውሮፕላን የሚያጸዳ ልጅ ነው። እኛም ስደተኞቹ በር እንቆጥር ነበር፤ በፓስፖርት የመጣው ጣሪያ የሌላት፣ በእግሩ የመጣው አራት በር። ወይዘሮ ዘነበች ታደሰን «ጨዋ ነው» ማለት የጀመሩት በፓስፖርት የመጡት ጎረምሶች ፈረንጅ አግብተው ካለቁ በኋላ ነው። ስሌቴ እዚህም ሠራ። ጨዋ ይበሉት እንጂ ስሙን ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም።

ኡርስ ሠርጉን ሲሰማ «ሙሽሪት በእኔ መኪና» ብሎ ከዲቲኮን ጄኔቫ ድረስ ነዳ። መኪናው ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ባለ ሁለት በር ናት። እኔ ሽማግሌዎቹን ልጭን ከኋላው ተከተልኩ።

ሰብለ ቬሎዋ ላይ ካባ ደርባ ከታደሰ ጋር ከቤት ወጣች። እልልታው ቀለጠ። አንደኛው ሚዜ እንደ ደንቡ የኋላ በር ሊከፍትላት ተንደረደረ። በር የለም። ቆርቆሮውን ዳበሰ፤ በሌላው ጎን ዞሮ ዳበሰ። ኡርስ የፊት ወንበሩን አጥፎ በዚህ ግቡ የሚል ምልክት ሰጠ። ታደሰ ቀጭን ነውና እንደምንም ሾልኮ ገባ። ካባውና ቬሎው ግን በዚያ ቀዳዳ የሚያልፍ አልሆነም። በቃ፣ ሙሽሪት ፊት ትቀመጥ ተባለ።

«ማን ጎን?» አሉ ወይዘሮ ዘነበች።

«ሾፌሩ ጎን፣ እትዬ» አለ ሚዜው።

«እኔ ልጄን የዳርኩት ለሙሽራው ነው ወይስ ለዚህ ፈረንጅ? ባሏ እንደ ሻንጣ ከኋላ ታጭቆ እሷ ከሌላ ወንድ ጋር ከተማ ልትዞር?» ዞር አሉና የእኔን መኪና አዩ። «ያቺስ? ያቺ በር ያላት?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሚዜው የኋላ በሯን ሲነካው ልስልስ ብሎ ተከፈተ። ሰብለ ገባች፣ ካባዋ ገባ፣ ታደሰ በሌላው በር ገባ፤ ቦታም ተረፈ። ወይዘሮ ዘነበች በመስኮቱ አጎንብሰው፣ «ታደሰ ልጄ፣ ተመቸህ?» አሉት። እሱም እንደ እኔ ስሙን ከአፋቸው ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜው ነበር መሰለኝ፣ በመስኮቱ ብቅ ብሎ እጃቸውን ሳመ።

ሽማግሌዎቹ ወደ ሌሎቹ መኪኖች ተዛወሩ፤ ኡርስ ባዶ መኪናውን እየነዳ፣ ጥሩምባውን እየነፋ ከኋላ አጀበን። ግብዣው ላይ «ሴትዮዋ ምን አሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ተረጎምኩለት። ይስቃል ስል፣ «ልክ ናቸው» አለ።

ሰኞ ጠዋት የብየዳውን ዕቃ ሳወጣ ኡርስ መጥቶ ገመዱን ነቀለው። «ተወው። እሁድ እንዳለች አምጣት።»

እሁድ ሐይቅ ዳር ሰዎቹ ከበቡኝ። አንድ ዋልተር የሚባል ጢማም ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ ኡርስ የወይዘሮ ዘነበችን ንግግር ከነሻንጣው ደገመለት። ሳቁ። ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

በዓመቱ ስቆጥር ባለ አራት በሮቹ መኪኖች አምስት ሆነዋል። አንዷ የዋልተር ናት፤ ሁለት በር ተወደደ ይላል። በዚያው ቀን አንድ የዙሪክ፣ የቪዲኮን ሰፈር ዳቦ ጋጋሪ የድሮ ዳቦ ማመላለሻ ቫኑን ቀባብቶ ብቅ አለ። ዋልተር አራት በሩን ተደግፎ፣ ነባር ለነባር እንደሚያወራው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ «ይሄማ ቁም ሳጥን ነው» አለኝ።

አየኋት። አስቀያሚ ናት፤ አልዋሽም። ሄጄ የኋላ በሯን ከፈትኩና ወርዷን በክንዴ ለካሁ። ሙሽሪት ከነካባዋ፣ ሙሽራው፣ ሚዜዎቹ በሙሉ፤ ከፈለጉም ቆመው ይጨፍራሉ።

«ታገስ» አልኩት። «ገና ሠርግ ስላልደረሳት ነው።»