ሰማይን ለብቻ መሸከም

[የአንድ አዳራሽ መድረክ። ወለሉ ላይ በኖራ የተሰመረ ትልቅ ክብ አለ። ከአዳራሹ ወንበሮች ግማሾቹ ተነቅለው በሩ ሥር ተደራርበዋል፤ የቀሩት ተራቸውን ይጠብቃሉ። አዘጋጁ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ጥቁር ጥብቅ ልብስ የለበሰ፣ ባዶ እግሩን በክቡ ዙሪያ ይመላለሳል። በክቡ መካከል፣ ወንበሮቹን ሊያወጣ የመጣው ጫኝ ገመዱን ትከሻው ላይ እንደጣለ ሁለት ክንዶቹን ወደ ላይ ዘርግቷል። ዕድሜው ሃምሳን አልፏል። ክርክሩ ከተጀመረ ቆይቷል።]

ጫኝ፦ እኔ የምለው በጠርዙ ልያዘው ነው። መሐሉን ከያዝኩት ይወዛወዛል።

አዘጋጅ፦ ጋሼ፣ ሰማይ ጠርዝ የለውም።

ጫኝ፦ ጠርዝ የሌለው ዕቃ የለም። በርሜል እንኳን ከንፈር አለው።

አዘጋጅ፦ ሰማይ በርሜል አይደለም።

ጫኝ፦ በርሜል ቢሆንማ አንከባልለው ነበር፤ ምን አሸከመኝ? ስንት ኪሎ ነው?

አዘጋጅ፦ ክብደቱ አይለካም።

ጫኝ፦ እንዲህ እያላችሁ ነው ሰው የምትጨርሱት። ባለፈው አንዲት ሴት «ቀላል ናት፣ ልብስ ናት» ብላ ሳጥን አሸከመችኝ። አራተኛ ፎቅ ደርሼ ብከፍተው የወፍጮ ድንጋይ።

[አዘጋጁ ዐይኑን ጨፍኖ በረጅሙ ተነፈሰ። ከአላዋቂ ጋር መታገል የታላላቅ ሰዎች ዕጣ መሆኑን ሁልጊዜም ያምን ነበር፤ ዕጣው ግን ዛሬ፣ በዚህ ሰዓት፣ ገመድ ይዞ ይመጣብኛል ብሎ አላሰበም።]

አዘጋጅ፦ ይስሙኝ። የአዳራሹ ኃላፊ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትመጣለች። ግማሽ ሰዓት ነው የቀረን። ሥራዬን አይታ ከወደደችው አዳራሹ ለአንድ ወር የእኔ ነው። ካልወደደችው የቤት ዕቃ ነጋዴው መጋዘን ያደርገዋል።

ጫኝ፦ አውቃለሁ፤ ወንበሩን የማወጣው ለሱ አይደል?

አዘጋጅ፦ እንግዲያው ወንበሩን ይተዉትና አትላስን ሆነው ይቁሙልኝ። ሁለት ዓመት የደከምኩበት ነገር ነው። ተዋናዬ ዛሬ ጠዋት ወገቤን ብሎ ቀረ።

ጫኝ፦ ምን አንስቶ?

አዘጋጅ፦ ሰማዩን ነዋ፤ ልምምድ ላይ።

ጫኝ፦ (ቀና ብሎ ወደ ጣሪያው እያየ) ይኸው፤ አይለካም አልከኝ። ወገብ ቆርጧል።

አዘጋጅ፦ በላዩ ምንም ነገር አልነበረም። ይህ አካላዊ ቴአትር ይባላል። ዕቃ የለም፣ ቃል የለም፤ አካል ብቻ ነው ያለው። ባሕር ማዶ ሄጄ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሠልጥኜበታለሁ።

ጫኝ፦ የእኛም ሥራ እንደሱ ነው፤ ዕቃ መኖሩ ነው የሚለያየን። ለመሆኑ ሰውዬው ማነው?

አዘጋጅ፦ አትላስ የጥንት ግሪኮች ታሪክ ውስጥ ያለ ግዙፍ ሰው ነው። ከአማልክት ጋር ተዋግቶ ተሸነፈ። ሰማይን በትከሻው ተሸክሞ እንዲኖር ፈረዱበት።

ጫኝ፦ እስከ ስንት ሰዓት?

አዘጋጅ፦ ለዘላለም።

ጫኝ፦ ተቀያሪ የለውም?

አዘጋጅ፦ የለውም።

ጫኝ፦ ሽንት ቢመጣበትስ?

አዘጋጅ፦ ጋሼ፣ ይህ ጥያቄ በሦስት ሺህ ዓመት ውስጥ አልተጠየቀም።

ጫኝ፦ ጠያቂዎቹ ተሸክመው አያውቁማ።

[አዘጋጁ መልስ አላጣም፤ መልሱ ግን ጊዜ የሚወስድ ነበረ። ስለዚህ ወደ ላቀው ነገር፣ ወደ ራሱ አተረጓጎም፣ ተሻገረ።]

አዘጋጅ፦ ዋናው ነገር ለዘመኑ ተመልካች ማምጣቱ ነው። በእኔ ሥራ አትላስ የቢሮ ሠራተኛ ነው። ሰማዩም ሰማይ አይደለም፤ የዘመናዊው ሰው ጭንቀት ነው።

ጫኝ፦ (ክንዶቹን አወረደ) አሁን ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ። ጭንቀት በእጅ አይያዝም። እኔ የምሸከመው በጀርባዬ ተንጋልዬ ነው፣ ጣሪያ ጣሪያ እያየሁ።

አዘጋጅ፦ እጅዎን ይመልሱት፤ ምሳሌ ነው። ጭንቀት መሆኑን ተመልካቹ ራሱ ይድረስበት።

ጫኝ፦ ካልደረሰበትስ?

አዘጋጅ፦ ጥፋቱ የተመልካቹ ነው።

ጫኝ፦ (በአድናቆት ራሱን እየነቀነቀ) ይኼ ሥራ ነው። እኔ ቁም ሳጥን ስሰብር ጥፋቱ የባለቤቱ ቢሆንልኝ፣ ይኼኔ ስንት ቁም ሳጥን ሰብሬ ስሜ በተጠራ።

[ክንዶቹን ግን መልሶ አነሣ። ሰው ከለመነው እምቢ ማለት አይሆንለትም ነበር።]

አዘጋጅ፦ ቀጥሎ እኔ እመጣለሁ። እኔ ሄርኩለስ ነኝ፤ ጀግና ነኝ። የወርቅ ፖም ፈልጌ መጥቻለሁ። ፖሙ ያለበትን ቦታ አትላስ ያውቀዋል። «አንተ ሄደህ አምጣልኝ፤ እስክትመለስ ሰማዩን እኔ እይዝልሃለሁ» እለዋለሁ። ሸክሙን ለእኔ ሰጥቶ ይሄዳል። ፖሙን ይዞም ይመለሳል።

ጫኝ፦ ተመለሰ?

አዘጋጅ፦ ተመለሰ። «ፖሙን ለላኩህ ሰዎች እኔው አደርስልሃለሁ፤ አንተ ይዘህ ቆይ» ይላል።

ጫኝ፦ ተው እንጂ። እየነቃ ነው።

አዘጋጅ፦ ሄርኩለስ ግን ብልህ ነው። «እሺ፣ ይሁን፤ ብቻ ትከሻዬን ላጠኝ፤ ጨርቅ ጣል እስካደርግ ለአንድ አፍታ ያዝልኝ» ይለዋል። ያ ቂል አትላስ ፖሙን መሬት አስቀምጦ ሰማዩን ይቀበለዋል። ሄርኩለስ ፖሙን አንሥቶ ይሄዳል። ተመልካቹ በአትላስ ሞኝነት ይስቃል።

[ጫኙ ክንዶቹን እንደዘረጋ አንገቱን ደፋ። አዘጋጁ፣ ነገሩ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ይሆናል ብሎ፣ በርኅራኄ ጠበቀው።]

ጫኝ፦ ሞኝ አይደለም።

አዘጋጅ፦ ተታለለ እኮ።

ጫኝ፦ ይታለል። ሸክም ላይ ያለ ሰው ትከሻዬ ተላጠ ካለህ ትቀበለዋለህ። ውሸቱን ይሆን እውነቱን ብለህ ቆመህ አትመራመርም። እኛ ዘንድ ይኼን ያላወቀ ጫኝ አይባልም። ሌባው ሄርኩለስ ነው። የምትስቁትም በማይሳቅበት ነው።

አዘጋጅ፦ ይህ ትርጓሜ በየትኛውም መጽሐፍ የለም።

ጫኝ፦ መጽሐፍ ቀላል ነው፤ በሣጥን ካልሆነ በቀር።

አዘጋጅ፦ (ሰዓቱን አይቶ) ይሁን። ወደ አካሉ እንመለስ። አሁን እርስዎን ስመለከት የማየው ቆሞ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ነው። የታለ ሥቃዩ? ፊትዎን ያጨማዱ። ጉልበትዎ ይንቀጥቀጥ። የሰው ልጅ በእርስዎ ውስጥ ሆኖ ይጩህ።

ጫኝ፦ ጉልበቴ ከተንቀጠቀጠ እጥለዋለሁ።

አዘጋጅ፦ ፊትዎንስ?

ጫኝ፦ ፊቴ ምን አደረገ? የሚሸከመው ትከሻ ነው።

አዘጋጅ፦ ታዲያ ከባድ መሆኑን ተመልካቹ በምን ይወቅ?

ጫኝ፦ በዝግታዬ። ከባድ የያዘ ሰው አይቸኩልም። እግሩን ሳያይ አያነሣም። ካነሣ በኋላም እስትንፋሱን ይቆጥባል።

አዘጋጅ፦ ይህ የገበያ ዕውቀት ነው። ኪነ ጥበብ ሌላ ነው። ዘወር ብለው ይዩኝ፤ ሲሠሩት ላሳይዎት።

[አዘጋጁ ወደ ክቡ ጫፍ ሄደ። ክንዶቹን አነሣ። አንገቱ ተገተረ፣ ዐይኖቹ ፈጠጡ፤ ከንፈሩ ወደ ግራ፣ ወገቡ ወደ ቀኝ ተጣመመ። የሠለጠነባቸው ሦስት ሳምንታት በሙሉ በአንድ ጊዜ በሰውነቱ ላይ ወጡ። ተንበረከከ፤ ተንከባለለ፤ ወለሉን በተረከዙ ደበደበ። በልቡ፣ «ምነው አሁን ባየችኝ» አለ። ልመናው ከአፉ ሳይወጣ ሰምሮለት ነበር፦ ኃላፊዋ፣ የቁልፍ እስር በጣቷ አንጠልጥላ፣ ከበሩ ገብታ ቆማለች። ጫኙ በቦታው ነው። እግሩን እያየ፣ እጅግ በዝግታ፣ ሸክሙን ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ ያሻግራል።]

ኃላፊዋ፦ እንዴ፣ ማነው እኚህን ሰው ይህን ሁሉ ያሸከማቸው? በስተርጅና።

ጫኝ፦ ደህና ዋሉ፣ እትዬ። አይጠጉ፤ ገና አልተመቻቸም።

[ኃላፊዋ ወደ መድረኩ ወጣች። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ በጫኙ ክንዶች ሥር ላለማለፍ ክቡን ዞረችው። አዘጋጁ ከወለሉ ላይ ሆኖ ይህን አየ። ባዶ አየር ፈርታ ስትዞር አየ። ዐይኑን ማመን አቃተው።]

ኃላፊዋ፦ ይኼኛውስ ምን ሆኖ ነው? ሆዱን ነው?

አዘጋጅ፦ (እየተነሣ) ክብርት ኃላፊ፣ እኔ… አትላስ ነኝ። ሰማይን ተሸክሜያለሁ።

ኃላፊዋ፦ አንተ? ሰማዩ እሳቸው ጋ አይደል እንዴ? ውሃ ስጡት። ሐኪም ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ አሁን ክፍት ነው።

አዘጋጅ፦ አልታመምኩም፤ አዘጋጁ እኔ ነኝ። ማመልከቻውን ያስገባሁት፣ ሥራው የእኔ፣ አተረጓጎሙ የእኔ…

ኃላፊዋ፦ እንግዲያው ደህና አዘጋጅተሃል። አዳራሹን ሰጥቻለሁ። የቤት ዕቃ ነጋዴው ሌላ ቦታ ይፈልግ። ከገባሁ ጀምሮ ወገቤ ድረስ ነው የከበደኝ። እሳቸው ግን ይሁኑ፤ ሌላ ሰው እንዳታመጣብኝ።

አዘጋጅ፦ ከእሳቸው ጋር እኔም አለሁ። ሄርኩለስ ነኝ።

ኃላፊዋ፦ አንተማ ይቅርብህ። አንተን ሳይ ሰማዩን እረሳዋለሁ። ከወንበር ሆነህ ብታይ ምን አለበት?

[አዘጋጁ ከክቡ አንድ እርምጃ ወጣ። ሁለት ዓመት የጠበቀው ቃል፣ «ሰጥቻለሁ» የሚለው፣ ተሰጠ፤ የተሰጠው ግን ለሌላ ሰው ነው። ያኔ ጫኙ ሰማዩን ቀስ አድርጎ፣ ጣቶቹ እንዳይያዙበት እየተጠነቀቀ፣ ወለሉ ላይ አሳረፈና እጁን ጠራረገ።]

ጫኝ፦ እትዬ፣ እሱ ከሌለ እኔም የለሁበትም።

ኃላፊዋ፦ ለምን?

ጫኝ፦ ይኼ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ከባድ ነገር ሁልጊዜም ሁለት ሰው ይፈልጋል።

[የአዘጋጁ ዐይኖች እንባ አቀረሩ። ለካስ ይህ ጨዋ ሰው ቀስ ብሎ ገብቶት ኖሯል። ኪነ ጥበብ የማትደርስበት ልብ የለም፤ ጊዜ ትወስዳለች እንጂ።]

አዘጋጅ፦ (ድምፁ እየተቆራረጠ) ይንገሯት፣ ጋሼ። በእርስዎ አንደበት ይንገሯት።

ጫኝ፦ እኛ ፎቅ ላይ ዕቃ ስናወጣ ሁለት ሆነን ነው የምንሄደው። አንዱ ይሸከማል፤ አንዱ ያቃስታል።

ኃላፊዋ፦ የሚያቃስተው ምን ይይዛል?

ጫኝ፦ ምንም። ባዶ እጁን ከፊት ከፊት ይሄዳል። የሚሸከመው ሰው ድምፅ የለውም፣ እትዬ። ድምፅ ካወጣ ትንፋሹ ያልቃል። ደረጃው ላይ የቆመ ሰው ደግሞ ዝም ላለ ሰው መንገድ አይለቅም። የሚለቀው ለሚያቃስተው ነው። እርስዎ ቀርበው ስላዩኝ ከበደዎት። የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ግን ምን ያየኛል? ለሱ ይኼ ልጅ ያቃስትለት።

ኃላፊዋ፦ (ጥቂት አስባ) እውነትዎን ነው። ያቃስት። ወንበሮቹንም ወደ ቦታቸው ይመልሱ።

[ቁልፎቿን እያንቀጫቀጨች ወጣች። በሩ ተዘጋ። አዘጋጁ በኖራው ክብ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ የተቀመጠው ውጭ ይሁን ውስጥ ራሱም አላወቀም።]

አዘጋጅ፦ ጋሼ፣ እናንተ ዘንድ… የሚያቃስተው እንዴት ነው የሚመረጠው? ድምፁ ታይቶ ነው?

ጫኝ፦ ወገቡ ታይቶ ነው። መሸከም የማይችል ጓደኛ ሲኖረን፣ ከሥራ እንዳይወጣብን እዚያ እናደርገዋለን።

አዘጋጅ፦ ሦስት ሳምንት ሠልጥኜ።

ጫኝ፦ አልከፋም። ያልሠለጠነማ ሲያቃስት ያስቃል።

[ጫኙ ገመዱን ፈትቶ አራት ወንበር አንድ ላይ አሰረ፣ ትከሻው ላይ አወጣና መሄድ ጀመረ። ፊቱ ላይ ምንም የለም። አዘጋጁ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩን አየው፤ ካየው በኋላም ዐይኑን ማንሣት አልቻለም። ጫኙ ሦስተኛ ረድፍ ሲደርስ ተነሥቶ በባዶ እግሩ ተከተለው።]

አዘጋጅ፦ ጋሼ።

ጫኝ፦ አቤት።

አዘጋጅ፦ ሲያቃስቱ… ከሆድ ነው የሚነሣው፣ ከጉሮሮ?

ጫኝ፦ ከጉሮሮ አድርገው። ከሆድ ካደረግከው ሐኪም ይጠሩብሃል።