ዝንጀሮ የማያከብረው ምንሽር

ሰው ሚስት ሲመርጥ ሽማግሌ ይልካል፤ በሬ ሲገዛ ጥርሱን ያያል። ጠመንጃ ሲመርጥ ግን ምኑን እንደሚያይ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እኔ ስለ ጠመንጃ የማውቀው በየት በኩል እንደሚተኮስ ብቻ ነው። ታዲያ በደርግ ጊዜ ቡሬ ዙሪያ የጠመንጃ አዋቂ ነበርሁ ብላችሁ ታምናላችሁ?

ጥፋቱ የታላቅ ወንድሜ የአያ ደምለው ነው። ያን ጊዜ እኔ ፍኖተ ሰላም አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። እሱ ቡሬ አጠገብ በቆሎ ያርሳል። አንዲት ውጅግራ አለችው። ውጅግራ እንግዲህ አንድ ጥይት ጎርሳ፣ አንዴ አጓርታ፣ ማሳውን በጭስ የምትሞላ አሮጌ ጠመንጃ ናት። ጥይቷንም ቤቱ ቁጭ ብሎ ይሠራላታል፤ ያንኑ ቀለህ መልሶ ባሩድና እርሳስ እየሞላ። ስንት ድኩላ ጥላለታለች። ዝንጀሮ ደግሞ ድምጿን አንዴ ከሰማ ሳምንት ዝር አይልም።

ነገር የመጣው ልጁን ሊድር ሲነሣ ነው። ሰርጉ ለጥር ተቀጠረ። በአማቾች ፊት ውጅግራ ተሸክሞ ሊቆም? ሞቼ እገኛለሁ አለ። ከወንዙ ማዶ ያለው ጎረቤቱ ካሴ ከአባቱ የወረሰው አምስት ጎራሽ ምንሽር አለው። ካሴም ውጅግራህንና አንድ ወይፈን ስጠኝና ውሰደው አለው። አያ ደምለው እኔን አስጠራ። ለምን? ምንሽሩ ላይ የፈረንጅ ፊደል ተቀርጿል፤ ያን የሚያነብ ከዘመዱ እኔ ብቻ ነኝ። አየሁት። አንድ ያልገባኝ ቃልና ጥቂት ቁጥር ነው። ሁለቱም ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ምን ልበል?

«ጥሩ ብረት ነው ይላል» አልሁ። ወይፈኑ እዚያው ተፈትቶ ተነዳ።

ከዚያ ወዲያ አያ ደምለው ሌላ ሰው ሆነ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር እንኳ ድሮ «አንተ ደምለው» ይለው የነበረው «ጓድ ደምለው» ይለው ጀመር። ችግሩ ጥይቱ ነው። ከምንሽሩ ጋር የመጣው አምስት ፍሬ ብቻ ሲሆን፣ እንደ ውጅግራዋ ቤት ውስጥ የሚሞላም አይደለም። ስለዚህ መደበው። ሁለቱ ለልጁ ሰርግ። አንዱ ለገዛ ቀብሩ። አንዱ ለጠላት፤ ጠላት የለውም እንጂ። የቀረው ለክፉ ቀን። ለዝንጀሮ የተመደበ የለም።

ዝንጀሮ ይህን ለማወቅ ሳምንት አልፈጀበትም። ካሴ ማዶ ሆኖ ውጅግራዋን ሲያስጮኻት መንጋው ወንዙን እየተሻገረ በጠራራ ፀሐይ የአያ ደምለው በቆሎ ውስጥ ይገባል። ወንድሜ ምንሽሩን እንዳነገተ ድንጋይ ይወረውራል። ዝንጀሮው ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ያሳልፍና እሸቱን መገሽለጡን ይቀጥላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በመጣሁ ቁጥር ማሳው ሳስቶ አገኘዋለሁ። አዘንሁ። አፈርሁም፤ ጥሩ ብረት ነው ያልሁት እኔ ነኛ!

አንድ ቅዳሜ የሚስቱ የጥሩወርቅ ትዕግሥት አለቀ።

«አንተ ሰው፣ የሰርጉ ጠላ ከምን ሊጠመቅ ነው? በቆሎው ካለቀ ሰርግ የለ! ሰርግ ከሌለ የሰርጉ ጥይት ሥራ ፈት ነው። በል ተኩስበት!»

እኔ መምህር ነኝ፤ እንዲህ ያለ ክርክር ግን ሰምቼ አላውቅም። አያ ደምለው ልጁን የሚቀብር መስሎ ምንሽሩን አጎረሰ። ተንበረከከ። ትልቁ ዝንጀሮ ላይ አነጣጠረ።

ቀጭ።

የሰርጉ ጥይት ከሸፈ። ሁለተኛውም ከሸፈ። የጠላትም፣ የክፉ ቀንም እንደዚያው። የቀብሩን አጎረሰ፤ እሱም ቀጭ አለ። ዝንጀሮው ቁጭ ብሎ ያየናል።

ካሴን ልንወቅስ ወንዙን ተሻገርን። ካሴ ከልቡ ደነገጠ።

«የአባቴ አጥንት ይፋረደኝ፣ እኔ ምን አውቄ? አባቴ አልተኮሰውም፤ እኔም አልተኮስሁት። ምንሽር በከንቱ የሚተኩስ ማን አለ?»

ሃያ ዓመት ሙሉ ያን ጠመንጃ ፈርቶ ማንም ድንበሩን እንዳልገፋበት ነገረን። በቆሎውን ግን በየዓመቱ ዝንጀሮ ነበር የሚሰበስብለት። ውጅግራዋን የተመኘውም ለዚሁ ነው። ደግ ሰው ነውና እስከ አጨዳ ድረስ በሁለቱም ማሳ ሊተኩስ ተስማማ። እኩሌታው በቆሎ ተረፈ።

ሰርጉም ሆነ። ዳሱ ደጅ ካሴ ውጅግራዋን ሲያስጮኻት ሙሽራዋ በጭሱ አሳለች። አያ ደምለው አምስቱን ፍሬ ወልውሎ ዝናሩ ላይ ደርድሮ፣ ምንሽሩን አንግቶ ሳይተኩስ ቆመ። አማቾቹ ተነሥተውለት ከራሳቸው በላይ አስቀመጡት። «ጥይት የማያባክን፣ የረጋ ሰው» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ።

ከእንግዶቹ አንድ የሽንዲ ሽማግሌ ምንሽሩን ሲያገላብጡ ቆዩና በሁለት ወይፈን ካልለወጥሁ አሉ። አያ ደምለው አንገቱን ወደ እኔ አዞረ።

«መምህሩ ያንብብልዎ» አለ።

ኅሊናዬ ቆረቆረኝ። ሰው አላታልልም፤ ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ነገር ጠየቅሁ።

«አባቴ፣ እናንተ አገር ዝንጀሮ ያስቸግራል?»

«ዝንጀሮስ የለም» አሉኝ፤ «ሰው ነው ያስቸገረን።»

«እንግዲያውስ ጥሩ ብረት ነው ይላል» አልኋቸው።