ዜና ወርቅቱ ዘሰበታ፤ ሽማግሌ አቁመው ሥዕል ስለ መምረጣቸው

ወይዘሮ ወርቅቱ በተወለዱ በሃምሳ ሁለተኛው፣ በመሥሪያ ቤታቸው መዝገብ ቤት በነገሡ በሃያ ስድስተኛው፣ ከኦቦ ሞቱማ ጋር በተጋቡ በሠላሳኛው ዓመት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ ጥቅምት፣ የሰበታ ጭቃ ተሽሮ አቧራ በነገሠበት ሰሞን ይህ ታላቅ ገድል ተፈጸመ፤ እኛም ባየነው ላይ ሳንጨምር፣ በሰማነው ላይ ግን በመጠኑ ጨምረን ጻፍነው።

ወእምዝ፣ እኒህ ፋይል በስማቸው የሚንቀጠቀጥላቸው፣ የጠፋ ደብዳቤ በጠረኑ የሚያገኙ እመቤት፣ በወጣትነታቸው የጀመሩትን ኮሌጅ ለሠርግ ብለው በሁለተኛው ዓመት አቋርጠው ነበርና፣ የመጨረሻ ልጃቸው ሐኒ በተመረቀች ማግሥት ትምህርቴን እቀጥላለሁ አሉ። ዘመድ ሁሉ እልል አለ፤ የሚማሩትም አካውንቲንግ ነው ብሎ በአንድ ቃል ወሰነላቸው፤ የሚማረው ማን እንደሆነ የጠየቀ ግን አልተገኘም። እሳቸው ቡራዩ ካለ አንድ ኮሌጅ ቅጽ አምጥተው ሥዕል በሚለው ፊት ምልክት አደረጉ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ባለጉዳዩን ሁሉ በአሮጌ ፋይል ጀርባ ላይ በእርሳስ ሲስሉ መኖራቸውን ከእግዚአብሔርና ከላጲሳቸው በቀር ያወቀ አልነበረም።

ይህም በተሰማ ጊዜ ኦቦ ሞቱማ፣ ጤፍ ነጋዴው፣ ከተጂ ከተማ የሚመጣውን ጤፍ በዓይናቸው ብቻ የሚመዝኑ፣ በነጋዴው ሁሉ ዘንድ የተፈሩ፣ እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦ «ዋዮ! የሰበታ ሰው ስማ! ሚስቴ በሃምሳ ዓመቷ አበባ ልትስል ነው! አሁን ሰው ምን ይለኛል?» ሰውም እስከዚያ ድረስ ምንም የማለት አሳብ አልነበረውም፤ ከአዋጁ በኋላ ግን ማለት ጀመረ።

ኮሌጁ በበኩሉ፣ ሥዕል የሚመርጥ ሁሉ ቆሞ ያለ ሰው በዓይኑ እያየ የሣላቸውን ሦስት ሥዕሎች ከሦስት ሳምንት በኋላ እስካለው ሰኞ ያምጣ፣ ከፎቶ የተቀዳ አንቀበልም ብሎ ደነገገ። እመቤቲቱም ሰው ፍለጋ ዘመቱ። ኦቦ ሞቱማ አንድ አቡነ ዘበሰማያት እስኪደገም እንኳ መቆም አቃታቸው፤ ሐኒም ፊቷን ከስልኳ ላይ ስላላነሣች አናቷ ብቻ ተሣለ። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ሰኞ ካመለጠች የሚጠበቀው የሚመጣው ዓመት ነው፤ ይህን ድፍረት እስከዚያ ማን አስቀምጦ ያቆይላቸዋል? ቅዳሜ ዕለት እርሳሳቸውን ሳጥን ውስጥ ከተው ቆለፉበት፤ አለቀሱም። እዚህ ላይ ለመቀለድ ብዕራችን እምቢ አለን።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ኦቦ ሞቱማ ያሰለፉት የሽማግሌ ሠራዊት ደረሰ፤ ከሱሉልታ የእመቤቲቱ ታላቅ ወንድም ኦቦ ዲሪርሳ፣ በካፖርት ላይ ካፖርት የሚደርቡ፤ ከቡራዩ የሠርጋቸው አንደኛ ሚዜ አቶ ጌታቸው፣ የዚያን ሠርግ ወጥ እስከ ዛሬ የሚያሙ፤ ከዚያው ከሰበታ የእድር ዳኛው አቶ ካሳሁን፣ በጋ ከክረምት ከዣንጥላቸው የማይለዩ። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳይፈጸምለት አይቀመጥምና፣ ወንበሩን በዓይናቸው እየተሰናበቱ ግድግዳውን ተጠግተው ቆሙ። ኦቦ ዲሪርሳም አወጁ፦ «ኦቦሌቲ ኮ! እህቴ! ሥዕሉን ትቼ አካውንቲንግ እማራለሁ እስክትይ ድረስ አንቀመጥም! ከዚህ ንቅንቅ የለም!»

ወይዘሮ ወርቅቱ ይህን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው በራ፤ ለሦስት ሳምንት ሰውን ሁሉ የለመኑት ይህንኑ ነበርና። ሳጥኑን ከፍተው እርሳሱን አወጡና በተራቸው አወጁ፦ «ጋሼ፣ የእናንተን ቃል አልንቅም። እስካስብበት ድረስ ብቻ፣ እንደቆማችሁ ቆዩልኝ!»

ወእምዝ አሰቡ፤ እያሰቡም ሣሉ። በመጀመሪያው ሰዓት የአቶ ጌታቸው ጉልበት አመፀ፤ በሁለተኛው አቶ ካሳሁን በዣንጥላቸው ላይ ተደገፉ፣ ዣንጥላውም ተሣለ። ከወንበሩ ሦስት እርምጃ ርቆ፣ ለክብሩ ሲል፣ ሠራዊቱ ሳይበተን ጸና። በሦስተኛው ሰዓት እመቤቲቱ ወረቀቶቹን አዙረው አሳዩዋቸው። ኦቦ ዲሪርሳ የራሳቸውን ምስል ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ፤ በአገጩ ላይ፣ አንድ ፎቶ እንኳ ሳይነሡ ያረፉትን አባታቸውን አገኙ። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ አዋጃቸውንም ረስተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። አለቃ ከተቀመጠ ጭፍራ ምን ይጠብቃል? ሁሉም ተቀመጡ።

በዚህ ጊዜ ኦቦ ሞቱማ፣ በግ በገመድ ይዘው በጓሮ ሲጠባበቁ የዋሉ፣ በበሩ ብቅ ቢሉ ሽማግሌዎቹን ተቀምጠው አዩ። ሽማግሌ ከተቀመጠ ልመናው ሠምሯል ማለት ነውና፣ ነገሩን ሳያጣሩ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው መረቁ፦ «ገለታ ዋቃዮፍ! ተመስገን! ወርቅቱ፣ የመረጥሽው ትምህርት ይባረክልሽ! ከዛሬ ጀምሮ የሚከለክልሽ አይኑር!» ሽማግሌዎቹም ለማስረዳት ጉልበት ስላልነበራቸው አሜን አሉ፤ በጉም ታረደ። ኦቦ ሞቱማ ምን እንደ መረቁ የተረዱት ጥብሱ መሐል ላይ ሲሆን፣ ምርቃት ከአፍ ከወጣ አይመለስምና ጉርሻውን ከነቃላቸው ዋጡት።

ሰኞ ወይዘሮ ወርቅቱ ሦስቱን ሽማግሌዎች ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው ወደ ቡራዩ ዘመቱ፤ ሥዕል ተማሪ ተብለውም ተመዘገቡ። ማክሰኞ ጠዋት ኦቦ ሞቱማ የሠርጋቸውን ኮት ለብሰው፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ ሽማግሌዎቹ በቆሙበት ግድግዳ ሥር መጥተው ቆሙ፤ እመቤቲቱም እርሳሳቸውን አነሡ።

እንግዲህ ለወርቅቱ ዘሰበታ፣ የሱሉልታን ካፖርትና የሰበታን ዣንጥላ ለማረኩ፣ አካውንቲንግን ያለ አንዲት የክርክር ቃል ድል ለነሡ፣ ሊያስቆሟቸው የመጡትን ላቆሙ፣ ባላቸውንም ከአቡነ ዘበሰማያት አሳልፈው እስከ ጸሎተ ሃይማኖት መጨረሻ ላስቆሙ፣ ክብርና ምስጋና ይገባል።