አልሰባ ያለው በግ

ሌሊቱን በሕልሜ በግ ተራ ቆሜ ነበር፤ ገዢ ሆኜ ግን አይደለም። የግራ እግሬ በገመድ ታስሯል። አጠገቤ የሰፈራችን ጡረተኞች ተደርድረው ጥቅል ጎመን ያመነዥካሉ፤ በጎቹ ደግሞ ኮት ለብሰው በመካከላችን ይዘዋወራሉ። አንዱ ወገቤን ጨመቅ ጨመቅ አደረገና ጥርሴን ገልጦ አየ። ዕድሜዬን ሲሰማ ከንፈሩን መጠጠ። ድሮም ዕድሜዬን የምደብቀው ወድጄ አይደለም።

የምትሸጠኝ ባለቤቴ አስካለ ነበረች። ሃያ ስምንት ዓመት አብሬያት ስኖር እንዲህ አድርጋ አመስግናኝ አታውቅም። ጠባዩ ጥሩ ነው፣ አይራገጥም፣ የሰጡትን ይበላል ትላለች። በጎቹ ወደዱኝ። ብቻ መጀመሪያ ይመርመር አሉና ወዲያው ሐኪም ቤት ተገኘን።

ተራ ስንጠብቅ አንድ ኪሎ ቅቤ በኮባ ተጠቅልላ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ምን ሆነሽ አልኳት።

«ደሜ ውስጥ ሰው ተገኘ» አለችኝ። «እናቴንም የገደላት ሰው ነው።»

አንጀቴን በላችው። የእኔንም አባት በዚህ በእኔ ዕድሜ የገደለው ቅቤ ነው ልላት አስቤ ነበር፤ ለሚያለቅስ እንዲህ አይባልም ብዬ ተውኩት።

ሐኪሙ ነጭ ጋዎን ለብሶ ብቅ ሲል ቦቃ ሆኖ አገኘሁት፤ ለፋሲካ ብለን ጓሮ ያሰርነው የራሳችን በግ። እንደማያውቀኝ ሆነ። እነሱ ኮሌስትሮል ያለበትን ሰው እንደማይበሉ፣ ለልብ ጥሩ እንዳልሆነ በትሕትና አስረዳን። ከዚያ መድኃኒቱን በደንብ ይወስዳል ወይ ብሎ አስካለን ጠየቃት።

«አንድ ቀን አቋርጦ አያውቅም» አለች ኮራ ብላ። «ማታ ማታ በእጄ ነው የማስውጠው።»

ቦቃ ደስ አለውና ቢላዋ እንዲመጣለት አዘዘ።

አንድ ዓመት ሙሉ ስብህን ቀንስ ስባል የኖርኩ ሰው፣ ያን ቀን የሚያወጣኝ ስቤ ብቻ ሆነ። ስለዚህ ጉዴን ዘረገፍኩት።

«አልወሰድኩም! ሁዳዴ ከገባ አንድም አልዋጥኩም። ሥጋና ቅቤ ሳልቀምስ የስብ መድኃኒት ምን ያደርግልኛል? በጉንጬ ይዤው እወጣና ፉርሽካው ውስጥ እተፋዋለሁ።»

«የማን ፉርሽካ?» አለ ቦቃ።

መልሴን ሳይጠብቅ ቀስ ብሎ ዞረና ጋዎኑን ገለጠ። ላቱ ተጨምቆ እንደተጣለ ሎሚ ተጨማዷል። ቀንዱን ዝቅ አድርጎ መጣብኝ።

ስነቃ ነግቷል። አስካለ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች። ሁሉንም ጮክ ብዬ ተናግሬ ኖሯል። በጉ አልሰባ ብሎ ፉርሽካ ሻጩን አሸዋ ትቀላቅላለህ ብላ ሁለት ጊዜ ስትጣላው አብሬያት ቆሜ አግዣታለሁ። አሁን የምትጮህብኝ መስሎኝ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳብኩ።

«አባትህን የቀበርነው እኮ አብረን ነው» አለች።

አፈርኩ። ከዛሬ ጀምሮ እውጣለሁ፣ ከፈለግሽም አፌን ከፍቼ አሳይሻለሁ አልኳት። ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች።

«ተነስ፤ ምንም እንዳትቀምስ፣ የደም ምርመራህ ዛሬ ጠዋት ነው» አለች። «ሁለት ወር መድኃኒቱን የወሰደው ግን እሱ ነው። ማንኛችሁ ደም እንደምትሰጡ ሐኪሙ ይወስናል።»

ቀልድ መስሎኝ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ። ቦቃ ገላውን ታጥቦ፣ በአዲስ ገመድ ታስሮ፣ ከእኔ ቀድሞ በሩ ላይ ቆሟል።