«ለአረጋውያን ቅድሚያ»፣ ሁለተኛ ፎቅ

በዚህ አገር ሽማግሌ የሚከበረው እስኪታመም ድረስ ነው! ከታመመማ... «እድሜ ነው» ተብሎ ይሸኛል።

አባቴ የቡ ከተማ ላይ አርባ ዓመት ልብስ የሰፉ ሰው ናቸው። ሰሞኑን ከመቀመጫቸው በተነሱ ቁጥር ያዞራቸው ጀመር። ሁለቴ ወደቁ። ሦስተኛውን ወገባቸው አይችለውም ብዬ ፈራሁና ጅማ፣ አንድ ሆስፒታል ይዣቸው መጣሁ።

«ለአረጋውያን ቅድሚያ» የሚባል ክፍል ተከፍቷላ! ሁለተኛ ፎቅ ላይ። ሊፍት የለም። እስቲ ፍረዱኝ፣ ያንን ደረጃ ወጥቶ የጨረሰ ሽማግሌ ምኑን ሊታከም ነው? አባቴ ሦስት ቦታ አርፈው ወጡ።

ካርድ አውጥቼ ስመለስ ነርሷ «ተረኛ!» ትላለች፤ የሚነሳ የለም። ሽማግሌ ሽማግሌን አይቀድማ!

«እርስዎ ይቅደሙ» ይላሉ አባቴ፣ አጠገባቸው ለተቀመጡት የአሰንዳቦ ሐጂ።

«ዋላሂ አልቀድምዎትም!»

«ኧረ በእግዜር! ታላቄ ነዎት እኮ።»

«እንዴት ተደርጎ! ታላቁማ እርስዎ ነዎት።»

ሁሉም ቅድሚያውን ለሌላው ሲመልስ ረፋዱ አለቀ። በመሃሉ ሐጂ የአባቴን የመድኃኒት ፌስታል ተቀብለው አንድ በአንድ ያገላብጣሉ። የሽማግሌ ጨዋታ ነው ብዬ ናቅሁት። እኔ የተማርኩት ሴት ልጃቸው!

በመጨረሻ ገባን። ወጣቱ ዶክተር እኔን አየና፣

«ምን ያማቸዋል?» አለ።

«ያዞራቸዋል።»

«ይበላሉ?»

«ይበላሉ።»

«እንቅልፍስ?»

ሰውየው ፊቱ ተቀምጠዋል፤ ጆሯቸው ከእኔ ይሻላል! እኔ አፈ ቀላጤ ደግሞ ቀጥ ብዬ እመልሳለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ያልተጠየቀውስ?

«እድሜ ነው» አለ ዶክተሩ፤ ሌላ መድኃኒት ሊጽፍ ብዕሩን አነሳ።

አባቴ ፌስታላቸውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ልጄ፣ ነጩን አንዱ ክሊኒክ፣ ቢጫውን ሌላው ክሊኒክ ነው የሰጠኝ። ሁለቱም የግፊት ናቸው አሉ ሐጂ። እሳቸውንም እንዲሁ ሁለት ደርበውባቸው ሲጥላቸው ከርሟል።»

ዶክተሩ ማሸጊያዎቹን አነበበ። ደግሞ አነበበ። ግፊታቸውን ለካ፤ አስነስቶም ለካ። የጀመረውን ወረቀት ቀደደና ቢጫውን እንዲያቆሙ አዘዘ። ከገባን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ አባቴን አያቸው።

«አባባ፣ ይሄንን ለምን ቀደም ብለው አልነገሩኝም?»

«ይቅርታ አድርግልኝ ልጄ» አሉ አባቴ ከልባቸው፤ «ከእሷ ጋር ስታወራ ጣልቃ መግባት ነውር መስሎኝ ነው።»