ከሥሩ የሚጀምሩት ጋሼ መኳንንት

ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ ነገር ከሥሩ የሚጀምር አንድ ሰው አይጠፋም። ሰዓት ስንት ነው ስትሉት ሰዓትን ማን እንደፈለሰፈው የሚነግራችሁ፣ እስኪጨርስ ድረስም ቀጠሯችሁ የሚያልፍባችሁ ዓይነት ሰው። እኛ የዳላስና የአካባቢዋ ነዋሪዎች በዚህ በኩል ታድለናል። ክቡር ሊቀ ሊቃውንት ዘጋርላንድ፣ የኸሊፋዎች ሁሉ ባለሟል፣ ጋሼ መኳንንት አሉን።

ጋሼ መኳንንት እሑድ ከቅዳሴ የማይቀሩ ኦርቶዶክስ ናቸው። ሃይማኖቶች እንዴት ከአገር አገር እንደተስፋፉ፣ በተለይም የመጀመሪያዎቹ የእስልምና መንግሥታት እንዴት እንደገነኑ ማንበብ ከጀመሩ ወዲህ ግን ወሬያቸው ሁሉ በደማስቆ ገብቶ በባግዳድ ይወጣል። "ነገሩን ከሥሩ እንያዘው" ብለው ጣታቸውን ሲቀስሩ፣ መሮጥ የሚችል ይሮጣል።

ባለፈው ሐምሌ መኪናዬ ፕሌኖ ከተማ ሀይዌይ ዳር ቆመብኝና ኮል አደረግኩላቸው። ወዲያው መጡ፤ በዚህ አይታሙም። ነገር ግን አስፋልት በሚያቀልጠው በዚያ ሙቀት የባትሪውን ገመድ በእጃቸው እንደያዙ፣ የኡመውያ ኸሊፋዎች መልእክተኛ የደከመ ፈረሱን የሚቀይርበት ጣቢያ በየመንገዱ እንደነበረው አስረዱኝ። "አየህ፣ እነሱ መንገድ ላይ አይቆሙም ነበር" አሉ። እኔ ወድጄ የቆምኩ ይመስል!

ፍሪስኮ ከተማ ደግሞ የአንዲት ሕፃን ልደት ተጠርተው ኬኩ ላይ የ7 ቁጥር ሻማ አዩ። ቁጥሩ ከህንድ ተነሥቶ በዓረቦች እጅ አልፎ እንዴት አውሮፓ እንደገባ ይተርኩ ጀመር። አውሮፓ ሳይደርስ ሻማው ቀልጦ ኬኩ ላይ ፈሰሰ። "ማሚ፣ ሻማውን አሁን ብሎው ላድርግ?" አለች ልጅቷ፣ ልታለቅስ ደርሳ።

በክርክር መረታት የሚባል ነገርም አያውቁም። "ተሳስቻለሁ" የምትለው ቃል ከአፋቸው ስትወጣ የሰማ የለም። ባለቤታቸው እትዬ አረጋሽ ተስፋ ከቆረጡ ቆይተዋል።

የእህቴ የዕፀገነት ልጅ ማቲዎስ ዴንተን ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሲማር ኢክራም ከምትባል የወሎ ሰዎች ልጅ ጋር ተዋደደ። እኛ ክርስቲያን፣ እነሱ ሙስሊም። አባቷ አቶ ይመር "እንዳታስቢው" ብለዋታል። ሁለቱ ሄደው መፈራረም ይችሉ ነበር፤ ኢክራም ግን "ባባ ሳይመርቀኝ አላገባም" አለች። ሶ፣ ሽማግሌ መላክ ግድ ሆነ። ጋሼ ሀብቴ፣ እኔና አንድ ሌላ ሰው ተመረጥን። ሰውየውን በዋዜማው ጉንፋን ጣለው። ተተኪ ሲፈለግ ሱፉን ለብሶ የተገኘው ማን ይመስላችኋል?

"በማርያም ጋሼ መኳንንት፣ ዛሬን ብቻ ምንም እንዳይናገሩ" አለቻቸው እህቴ፣ እጃቸውን ይዛ።

"አንዲት ቃል አልተነፍስም" ብለው ማሉ።

አቶ ይመር ቤት ገብተን እንደ ወጉ ቆምን። ጋሼ ሀብቴ "ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ነው የመጣነው" አሉ። አቶ ይመር አቀረቀሩ።

"እናንተ ክርስቲያን፣ እኛ እስላም። ለመሆኑ ምን ያገናኘናል?"

ዓይኔን ጨፈንኩ። ጋሼ መኳንንት ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁት ነው የኖሩት።

"ያገናኘንማ ስደት ነው" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ነቢዩን የተከተሉት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች በመካ መከራ ሲበዛባቸው ባሕር ተሻግረው ወደ አክሱም መጡ። የመካ ሹማምንት ስጦታ አስይዘው "ሰዎቻችንን መልስልን" ብለው ላኩ። ክርስቲያኑ ንጉሥ ስደተኞቹን ስለ እምነታቸው ጠየቃቸው፤ ስለ ማርያም የሚናገረውን የቁርኣን ሱራ ሲያነቡለትም አለቀሰ። ስጦታውን መለሰ፣ ሰዎቹን አስቀረ። ጋሼ መኳንንት ይህን ያህል አሳጥረው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

አቶ ይመር ቀና አሉ። "ይህንን አባቴ ይነግረኝ ነበር። ግን ብዙ ነገር ዘለሉ። ቁጭ በሉ እስቲ፣ እኔ በደንብ ልንገራችሁ።"

ለካ እሳቸውም ከሥሩ የሚጀምሩ ናቸው! ሁለቱ ከመካ ተነሥተው ደማስቆን፣ ግብፅን፣ እስፔንን አዳረሱ። ምግቡ ቀዘቀዘ። ጋሼ ሀብቴን እንቅልፍ ወሰዳቸው። ባግዳድ ሲደርሱ አቶ ይመር "ከተማዋን የቆረቆራት ሐሩን አል ረሺድ ነው" አሉ።

የጋሼ መኳንንት ጣት ተቀሰረች። አለቀልን፣ አልኩ በልቤ። እሳቸው ግን ኢክራምን አዩ፤ የኩሽናውን በር ተደግፋ፣ ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች። ጣታቸውን ቀስ ብለው አጠፉ።

"ልክ ነዎት አቶ ይመር። እኔ ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ ተሳስቻለሁ።"

የአቶ ይመር ፊት በራ።

"ሶ፣ ባባ፣ ትመርቀኛለህ?" አለች ኢክራም።

"ሃይማኖቷን አትለውጥም" አሉ አባቷ ወደ እኛ ዞረው።

"እሱም አይለውጥም" አሉ ጋሼ ሀብቴ ብንን ብለው።

"እንግዲያው አላህ ያሳምረው።" ኢክራም ሮጣ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

ጋሼ መኳንንትን ጋርላንድ ወዳለው ቤታቸው በመኪናዬ ስመልሳቸው አላስችል አለኝ። "እውነት ባግዳድን የቆረቆራት ሐሩን ነው?"

"አል መንሱር ነው እንጂ!" ብለው ጮኹ። "ሐሩን ያኔ መቼ ተወለደና!"

"ታዲያ ለምን ተሳስቻለሁ አሉ?"

ወደ መስኮቱ ዞሩ። "ሰውየው ልጁን እየሰጠ እኮ ነው። በአንድ ነገር እንኳ አያሸንፍ?"

ከሀይዌዩ ወደ ጋርላንድ የምንወጣበት መውጫ ደረሰ። አውቄ አለፍኩት።

"ጋሼ፣ እስቲ ስለ አል መንሱር ይንገሩኝ" አልኳቸው።