እትዬ ፍሬን ወደ ዛፎቹ ሲነዱ

መኪና ሁሉ ሁለት ሾፌር አለው፤ አንዱ መሪ ጨብጦ ይነዳል፣ ሌላው ከኋላ ተቀምጦ ይነዳል። መሪ የሚጨብጠው ፈተና ይወድቃል፣ ዓይኑ ይመረመራል፣ ሲያጠፋ ይቀጣል። የኋላው ግን ጤናማ ጉሮሮ ካለው ይበቃዋል። እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም የሚል ካለ፣ ወይ መኪና የሚባል ተሳፍሮ አያውቅም፣ ወይ ሰውየው እሱ ራሱ ነው።

የእነዚህ የኋላ ሾፌሮች ማኅበር የዕድሜ ልክ ሊቀ መንበር ክብርት እትዬ ፍሬን ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው የልጃቸው ባል ነው፤ ፊት ለፊት ግን "እማማ" ነው የሚላቸው። እትዬ ፍሬን ብስክሌት እንኳ ነድተው አያውቁም። የልጃቸው ባል ደግሞ ከከተማ ከተማ አውቶቡስ ሲያመላልስ የሸበተ ሾፌር ነው። ስልሳ መንገደኛ ነፍሱን ለእሱ አደራ ሰጥቶ እያንኮራፋ ገደሉን ይወርዳል። አማቱ ግን ከቤት እስከ ገበያ እንኳ አያምኑትም።

"ልጄ፣ ቀይ በርቷል!"

"አይቼዋለሁ እማማ።"

"ማየትና መቆም ለየቅል ናቸው።"

የሚቀመጡት ሁልጊዜ ልክ ከሾፌሩ ጀርባ ነው። የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይይዙና ትንፋሻቸውን ማጅራቱ ላይ ይለቁበታል። ኩርባ በመጣ ቁጥር ቀኝ እግራቸው ወለሉን ይረግጣል። የመኪናው ፍሬን ሸራ አንድ ጊዜ በተቀየረበት ዘመን፣ እሳቸው እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል።

የዛፎቹን ጉዞ ያመጣችው ትልቋ ልጅ ናት። አስተማሪዋ ስለ አንድ ጥንታዊ ደን ነግሯት መጣች፤ ዛፎቹ ቤት ያካክላሉ፣ ሰው ተያይዞ ቢያቅፋቸው አይደርስም አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። "አባዬ፣ አምስታችን ብንያያዝስ? እጃችንን በጣም ብንዘረጋስ?" በእረፍቱ ቀን መሪ የሚባል ነገር ማየት የማይወደው አባት ብዙ ከታገለ በኋላ እጁን ሰጠ። ከመነሳታቸው በፊት ግን ሚስቱን ወደ ጓዳ ሳብ አደረጋት።

"እናትሽ አንድ ቃል ከተናገሩ..."

"አንዱንማ ትናገራለች" አለች ሚስቱ። "አንተ ሁለተኛውን እንዳልሰማህ ሁን።"

አንዱን የተናገሩት ገና ግቢ ውስጥ ነው። "ቀስ!" አሉ።

"እማማ፣ ሞተሩ እኮ አልተነሳም።"

"ከተነሳ በኋላማ ማን ይሰማኛል?"

ዳገቱ ላይ ጡብ የጫነ ከባድ መኪና ከፊታቸው ገባ። ጭሱን እየተፋ እንደ ነፍሰ ጡር ያዘግማል። ሾፌሩ ሊቀድመው ወጣ ባለ ቁጥር ከኋላው "ተው! ይሂድ! ምን አጣደፈህ? ዛፍ እንደሆነ ቆሞ ይጠብቅሃል!" ይባላል። እንዲህ ጭስ እየጠጡ ሲከተሉት አንድ ብስክሌተኛ ሁለቱንም መኪና አልፎ ለልጆቹ እጁን እያውለበለበ ሄደ።

"አባዬ! ብስክሌት ቀደመን!" አለ ትንሹ ልጅ።

"የት እንደሚደርስ እናየዋለን" አሉ አያቱ፣ በትንቢት ድምፅ። ጥቂት እንደሄዱ ሰውየውን መንገድ ዳር ተቀምጦ ሙዝ ሲበላ አገኙት፤ ጤናው የተሟላ ነበር። እትዬ ፍሬን ቅር አላቸው።

ቀጥሎ ትራፊክ ፖሊስ አስቆማቸው። ሰውየው ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ የኋላው መስኮት ወረደ።

"የኔ ልጅ፣ እኔ ነግሬዋለሁ።"

"ምን አድርጎ ነው እናቴ?"

"እስካሁን ምንም። ግን ነግሬዋለሁ።"

ከዚህ በኋላ ፖሊሱ ያልፈተሸው ነገር የለም። ፍሬቻ አስበራ፣ ትርፍ ጎማ አስወረደ፣ የጎማ መፍቻ ሳይቀር አስቆጠረ። ሾፌሩ ዕቃውን መልሶ ሲጭን ጥርሱ ሲፋጭ ሚስቱ ጋ ድረስ ተሰማ።

ነገሩ የፈነዳው ወደ ድልድዩ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ፣ መንገዱን በዓይኑ ይዞ፣ እንደ ሥራው ቀን በጸጥታ እየወረደ ሳለ ከጆሮው ሥር "ፍሬን!" የሚል ጩኸት ተሰማ፤ ትከሻውን አምስት ጣት ነከሰው። ደንግጦ ረገጠ። ልጆቹ ተንገጫገጩ፣ የውሃው ኮዳ ሚስቱ ጭን ላይ ተገለበጠ፣ ከኋላ ያለው መኪና ክላክሱን አንባረቀ።

ከፊታቸው መንገዱን ሲያቋርጥ የነበረው ፌስታል ነው። ነፋሱ አንስቶ ማዶ አሻገረው።

ሾፌሩ ዳር ይዞ አቆመ፤ ወረደ፤ የኋላውን በር ከፍቶ ቁልፉን ዘረጋ።

"ይውሰዱ። ይንዱ።"

"ልጄ..."

"አይ፣ ይንዱ! ስልሳ ሰው ይዤ ገደል ስወርድ 'ቀስ በል' ያለኝ አንድ ፍጡር የለም! ለፌስታል ሊፈጁን ነበር እኮ! ከዛሬ ጀምሮ እኔ መኪና ውስጥ ወይ ዝም ይላሉ፣ ወይ ቤት ይቀራሉ!"

ሚስቱ እርጥብ ቀሚሷን ይዛ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። እትዬ ፍሬን ቁልፉን አዩት፣ ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ እጃቸውን ከመደገፊያው ላይ አንስተው ጭናቸው ላይ አኖሩ።

"እሺ" አሉ።

ከእሳቸው አፍ "እሺ" ሲወጣ የሰማ የቤተሰቡ አባል እስከዚያ ቀን አልነበረም።

ሾፌሩ መጀመሪያ እንደ ንጉሥ ነዳ። ቀደመ፣ ተቀደመ፣ አንድም ሰው ምንም አላለው። ጥቂት ቆይቶ ግን ነገሩ ይከብደው ጀመር። አንዲት አህያ መንገድ ውስጥ ስትገባ ጆሮውን ቀስሮ ጠበቀ፤ ዝም። በስፖኪዮ ሰረቅ አድርጎ አያቸው፤ እንደ እንግዳ ሰው መስኮት መስኮቱን ያያሉ። ሳያስበው ፍጥነቱን ቀነሰ። ሚስቱ ይህን አይታ ከንፈሯን ነከሰች፤ ለሳቅ ይሁን ለንዴት አይታወቅም።

ደኑ በር ላይ መኪና ማቆም ግድ ነው። ከዚያ ወደ ላይ ጎብኚ የሚወጣው በደኑ ፒካፕ ነው፤ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ተበይዶበታል። የሚነዳው ጎረምሳ ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ አንድ እጁን በመስኮት አንጠልጥሎ፣ ገና ሰው ሳይቀመጥ አስነሳው። መንገዱ ጭቃ ነው፤ በአንድ በኩል ግንድ፣ በሌላው በኩል ምንም።

"አለቀለት" አለ ሾፌሩ በልቡ፣ አማቱን እያየ። "ዛሬ ይህን ልጅ መንጃ ፈቃዱን ያስበሉታል።"

እትዬ ፍሬን ግን የልጅ ልጆቻቸውን ግራና ቀኝ ጉያቸው ከትተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ የፒካፑ ጎማ ተንሸራተተ፤ እሳቸው ጭራሽ ጭንቅላታቸውን ደገፍ አደረጉ። ወለሉን በእግሩ የደበደበው ሌላ ሰው ነው።

"ማርሽ ቀንስ!" ብሎ ጮኸ ሾፌሩ። "ግራህን ያዝ! ግራህን!"

"ፋዘር፣ አይጨነቁ!" አለ ጎረምሳው ዞሮ።

"ወደ ፊት እይ! ወደ ፊት!"

"አባዬ፣ ልክ አያቴን መሰልክ" አለች ትልቋ ልጅ።

ሾፌሩ ወደ አማቱ ጠጋ አለ። ከጠቡ በኋላ ሲያናግራቸው የመጀመሪያው ነው። "እማማ፣ ይህን ልጅ አያዩትም እንዴ? ምነው ዝም አሉ?"

"ምን ልበለው?"

"እንዴት ምን ልበለው! ገደል ሊከተን ነው እኮ!"

አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። "የሰው ልጅ ነው። ምን ብዬ እቆጣዋለሁ? በሰው መኪና ሁልጊዜም ተኝቼ ነው የምሄደው፤ ልጄን ጠይቃት። እንቅልፍ የሚነሳኝ የራሴ ልጅ ሲነዳ ነው።" ዓይናቸውን መልሰው ጨፈኑ።

ሾፌሩ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ከጎማው የተፈናጠረ ጭቃ ገባበት። እስኪደርሱ ድረስ ሲተፋ ቆየ።

ዛፎቹ ረጃጅም እንደሚሆኑ ሁሉም ጠብቆ ነበር፤ እንዲህ ይወፍራሉ ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። የአንዱ ሥር ብቻ ከመሬት ወጥቶ ከአባትየው ትከሻ ይበልጣል። ቅርፊቱ እርጥብ ነው፤ ስንጥቁ ውስጥ የትንሹ ልጅ ክንድ እስከ ክርኑ ገባ። ልጁ ጫፉን ለማየት ቢያንጋጥጥ አልሆንልህ አለው፤ ሄዶ ቅጠሉ ላይ በጀርባው ተዘረጋ። እትዬ ፍሬን ሻሻቸው እስኪወድቅ ወደ ላይ አዩ።

"ወይ ጉድ! ይሄን 'በቃህ' የሚለው ሰው አጣ እንዴ?"

ትልቋ ልጅ ሁሉንም ግንዱ ሥር አሰለፈቻቸው፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሆዳቸውን ቅርፊቱ ላይ ለጠፉ። ሲሶውን እንኳ አልሸፈኑም። "አንተ ልጅ፣ ምን ቆመህ ታያለህ? ና ያዝ!" ተብሎ ጎረምሳው ከነመነጽሩ ታከለ። ቢሆንም ግማሹ አልሞላም። "አልደረስንም! አልደረስንም!" እያለች ልጅቷ ሎተሪ እንደደረሰው ሰው ፈነደቀች።

ሾፌሩ የአማቱን እጅ የያዘው እንደ አጋጣሚ ነው። እንደ ግንብ በዞረው ግንድ የተነሳ ፊታቸው አይታየውም፤ ጉንጩ ቅርፊቱ ላይ ነው።

"ይቅርታ" አለ።

"ዛፉን ነው?" የሚል ድምፅ ከማዶ መጣ።

"እርስዎን ነው።"

"እንግዲያው ጮክ በል፤ የሰማህ ዛፉ ብቻ ነው።"

"ይቅርታ እማማ!"

"እሺ፣ እሺ፣ አትጩህ። ልጆቹ ይሰማሉ።" እጁን ግን አልለቀቁትም። ሌሎቹ ተበትነው ልጆቹ በሥሮቹ መሐል መሯሯጥ ከጀመሩ በኋላም ሁለቱ ግንዱን እንዳቀፉ ትንሽ ቆዩ።

ወርደው መኪናቸው ጋ ሲደርሱ ሚስቱ እንደ ልማዷ የፊቱን በር ልትከፍት እጇን ሰደደች። ሾፌሩ ቀድሟት ከፈተና ጎንበስ አለ።

"እማማ፣ ይግቡ።"

"እኔስ?" አለች ሚስቱ።

"አንቺ ከኋላ ሆነሽ ከልጆቹ ጋር ተኚ።"

"አብደሃል!"

እትዬ ፍሬን አንዴ ልጃቸውን፣ አንዴ ወንበሩን አዩ፤ ከዚያ እንደ ተሾመ ሰው ቀስ ብለው ገቡ። ቀበቶ አሰሩ። የፊቱን መስታወት ከዳር እስከ ዳር፣ ስፖኪዮውን፣ ከመሪው ጀርባ የሚበሩትን መብራቶች አንድ በአንድ መረመሩ። ፊታቸው እየበራ ሄደ።

"አይ አንተ!" አሉ። "ለካ መንገዱ የሚታየው እዚህ ሆኖ ነው! ይህን ሁሉ ዓመት በጨለማ ስነዳ ኖሬያለሁ!"